ሆቴል ውስጥ ስለቆመው የብረት ድንጋይ

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡና ይዛችሁ ቁጭ በሉ፤ ጊዜ የሌላችሁ ማታ ተመለሱበት። የጻፍኩት ዕዳ ስላለብኝ ነው። ዕዳው የገንዘብ አይደለም፣ የመልስ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃያ ምናምን ዓመት በፊት ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ ያስተማርኳት ልጅ፣ ዛሬ ከቻይና ዕቃ እያመጣች የምትነግድ ጎበዝ ሴት ሆናለች። በቅርቡ ከጓንዡ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከችልኝ። የትልቅ ሆቴል መግቢያ አዳራሽ ነው። መሃሉ ላይ፣ በጥቁር መደብ ላይ፣ ከሰው ቁመት የሚበልጥ፣ የተጨማደደ፣ እዚህም እዚያም የተቦረቦረ፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ የብረት ነገር ቆሟል። ከሥሩ “ቲቸር፣ ይኼ ምንድነው? እዚህ በመጣሁ ቁጥር አየዋለሁ። እርስዎ አያጡትም ብዬ ነው” ብላ ጽፋለች።

እኔ በዚያ ሰዓት የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበርኩ። ፎቶውን በደንብ እንኳ ሳላሰፋው “ምንም አይደለም፣ የሀብታም ጌጥ ነው። ድንጋይ ለመምሰል የሚሞክር ብረት” ብዬ መለስኩላት። እውነቱን ልናገር፣ ጥሩ የተናገርኩ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። ዕቃ የሚያቀርብላት ቻይናዊ ሰባ ሊደፍን ምንም ያልቀረው ሰው ነው። እዚያው አዳራሽ ሻይ እየጠጡ መልሴን በስልኳ አስተርጉማ አስነበበችው። መጀመሪያ ሳቀ አለችኝ። “የሀብታም ጌጥ” የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ዝም አለ። ቆይቶ፣ በአያቱ ግቢ ውስጥ እንደዚህ ያለ ድንጋይ፣ እውነተኛው ድንጋይ፣ እንደነበረ ነገራት። በ1966 ወጣቶች መጥተው በመዶሻ ሰባበሩት። እሱ ያኔ ትንሽ ልጅ ነው፤ በር ላይ ቆሞ ያያል። ሲሰብሩት የሚሉትም ቃል ያው የኔው ነበር።

ምን ልበላችሁ፣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያ ዓመት የባህል አብዮት የጀመረበት ነው። “አራቱን አሮጌዎች አጥፉ” የሚል ዘመቻ ነበር፤ አሮጌ አስተሳሰብ፣ አሮጌ ባህል፣ አሮጌ ልማድ፣ አሮጌ ወግ። እኔ ይህን ለተማሪዎቼ አስተምሬያለሁ፤ በዓመተ ምሕረቱ፣ በምክንያቱ፣ በውጤቱ። ፈተና ላይም አውጥቼዋለሁ። ግን እኔም የተማርኩት “ፊውዳል” የሚለው ቃል ክርክሩን ሁሉ በሚዘጋበት ዘመን ነው፤ አንድን ነገር ፊውዳል ካልከው በኋላ ማየት አያስፈልግም። ያ ልማድ ከአፌ የወጣ እንጂ ከጣቴ ያልወጣ ኖሯል።

እንግዲህ ያልመለስኩትን ልመልስ። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከሻንግሃይ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ሱዡ የምትባል ጥንታዊ ከተማ አለች። ከከተማዋ አጠገብ ታይ የሚባል ሰፊ ሐይቅ ይገኛል። በሐይቁ ውስጥና ዳርቻው ላይ ያለው ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ነው። ውኃ የኖራ ድንጋይን ይበላል። በሺህ ዓመታት ውስጥ እየቦረቦረ፣ እየሸነቆረ፣ ሌላ ቦታ የማይታይ መልክ ይሰጠዋል። ቻይናውያን ቢያንስ ከታንግ ሥርወ መንግሥት ጀምሮ እነዚህን ድንጋዮች እያወጡ ግቢያቸው ውስጥ አቁመዋል። ትናንሾቹን ደግሞ በእንጨት መቀመጫ ላይ አድርገው የጽሕፈት ጠረጴዛቸው ላይ ያኖሯቸዋል።

ለምን? እኔም መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህን ነው። ምክንያቱ ተራራ ነው። በቻይና የሥዕልና የቅኔ ወግ ተራራ ሰው ራሱን የሚያገኝበት፣ ባሕታዊው የሚኖርበት፣ ደመና የሚወለድበት ቦታ ነው። የተማረው ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ የመንግሥት ሹም ነው። ከተማ ውስጥ መዝገብና ማኅተም ታቅፎ ይውላል፣ ተራራ ለመውጣት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ተራራውን ቤቱ ያመጣዋል። ባለቅኔው ባይ ጁዪ በ825 የሱዡ ገዥ ሆኖ ተሹሞ ነበርና ድንጋዮቹን በቅርብ ያውቃቸዋል። በ843 የአንድ ወዳጁን የታይ ሐይቅ ድንጋዮች ስብስብ በሚመለከት በጻፈው ጽሑፍ ላይ፣ ታላላቅ ተራሮችና ሸለቆዎች በአንዲት ቁራጭ ድንጋይ ውስጥ ተጠቅልለው እንደሚገኙ ያስረዳል። ወዳጁ ባለሥልጣን ነበር፤ ድንጋዮቹን እንደ ተማሪ ውጤት በደረጃ በደረጃ ይከፋፍላቸው ነበር። መምህር ነኝና ይህቺ ነገር አሳቀችኝ።

በሶንግ ሥርወ መንግሥት ጊዜ ነገሩ ወደ ፍቅር ተለወጠ፤ አንዳንዶች እብደት ይሉታል። ሚ ፉ የሚባል ሠዓሊና የእጅ ጽሕፈት ሊቅ ነበር፤ ከ1051 እስከ 1107 የኖረ። በተሾመበት አገር አንድ ግሩም ድንጋይ ቢያይ የሹመት ልብሱንና ቆቡን አስተካክሎ ለብሶ ሰገደለት፤ “ታላቅ ወንድሜ” ብሎም ጠራው። ይህ እንደ ቀልድ ብቻ የሚወራ አይደለም፣ በሥርወ መንግሥቱ ታሪክ ውስጥ ተጽፏል። ለድንጋይ መመዘኛ የሆኑት አራት ቃላትም በእሱ ስም ይነገራሉ። ድንጋዩ ቀጠን ብሎ ሽቅብ የወጣ፣ እንደ ሽማግሌ ፊት የተሸበሸበ፣ ውኃ ከላይ ቢፈስበት እስከ ታች መንገድ የሚያገኝ፣ ብርሃንም ከወዲያ ወዲህ የሚያሳልፍ መሆን አለበት። እስቲ የልጅቷን ፎቶ በእነዚህ አራቱ መዝኑት። እኔ ሁለተኛ ሳየው ሁሉንም አገኘሁበት። ብረቱ ያለምክንያት አልተጨማደደም።

ሚ ፉ ከሞተ በኋላ ዱ ዋን የሚባል ሰው ከመቶ በላይ የድንጋይ ዓይነቶችን የሚዘረዝር መጽሐፍ ጻፈ። ስለ ታይ ሐይቅ ድንጋይ ሲናገር፣ ሰዎች መሮና መዶሻ ይዘው ወደ ሐይቁ ጥልቅ እንደሚጠልቁ፣ ድንጋዩን ቆርጠው በገመድ አስረው ወደ ጀልባ እንደሚያወጡት ይገልጻል። አንዳንዶቹን ደግሞ በእጅ ጠርበው ተመልሰው ውኃ ውስጥ ይከቷቸዋል፤ ማዕበሉ እያጠበ የሰው እጅ የነካው እንዳይመስል ያደርገዋል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ። በአሥራ ሁለተኛው መቶ ዓመት “ተፈጥሮ” ተብሎ የሚሸጠው ድንጋይ ግማሹ የተሠራ ነበር።

አሁን ወደ ንጉሡ።

ተማሪዎቼ የነበራችሁ ታስታውሱ ይሆናል፤ ሶንግን የማስተምረው በአንድ ክፍለ ጊዜ ነበር። ኮምፓስ፣ ባሩድ፣ የኅትመት ጥበብ፣ የወረቀት ገንዘብ፤ ከዚያ “ከሰሜን የመጡ ጦረኞች ዋና ከተማውን ያዙ” ብዬ ወደ ሞንጎሎች እሻገራለሁ። ደወል ይደወላል። ንጉሠ ነገሥት ሁዪዞንግን በስሙም አልጠቀስኩላችሁም።

ሁዪዞንግ በ1100 ነገሠ። ራሱ ድንቅ ሠዓሊ ነው፤ የአእዋፍ ሥዕሎቹና የእጅ ጽሕፈቱ ዛሬም ይጠናሉ። በዋና ከተማው በካይፈንግ ገንዩዌ የተባለ ሰው ሠራሽ ተራራ ያለበት የአትክልት ስፍራ አሠራ፤ 1122 ላይ ተጠናቀቀ። ለዚህ ግቢ ድንጋይና ተክል የሚሰበስብ ቢሮ በሱዡ ተቋቋመ። ቢሮውን የያዘው ዡ ሚየን የሚባል ሰው ነው። አሠራሩ እንዲህ ነበር። በማንኛውም ሰው ግቢ ውስጥ ጥሩ ድንጋይ ወይም ዛፍ ከታየ ወታደሮች ይገቡና ቢጫ ወረቀት ይለጥፉበታል። ቢጫ የንጉሥ ቀለም ነው። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ድንጋዩ የንጉሥ ነው፤ ባለቤቱ እስኪወሰድ ድረስ ይጠብቀዋል፣ ቢጫርበት ይቀጣል። የሚወሰድበት ቀን ሲደርስ በበር ካልወጣ አጥር ይፈርሳል፣ ቤትም ይፈርሳል። ድንጋዮቹ በጀልባ ተጭነው በቦይ ወደ ሰሜን ይጓዛሉ፤ ድልድይ ከከለከላቸው ድልድዩ ይነሳል። አንዱን ግዙፍ ድንጋይ ለማጓጓዝ በሺህ የሚቆጠር ሰው ጎተተ። ካይፈንግ ሲደርስ ንጉሡ ለድንጋዩ የመኳንንት ማዕረግ ሰጠው።

ሕዝቡ የቻለውን ያህል ቻለ። በ1120 በደቡብ፣ በዛሬዋ ዠጂያንግ፣ ፋንግ ላ የሚባል ሰው ዐመፅ አስነሳ። ከዐመፁ ምክንያቶች ዋነኛው ይኸው የድንጋይና የአበባ ግብር ነው። ዐመፁ በ1121 በደም ተጨፈለቀ። ከሰሜን ጁርቼኖች ሲመጡ አገሩ ደክሞ ነበር። ካይፈንግ ተከበበች፤ ከበባው ሲጠና የገንዩዌ ዛፎች ለማገዶ ተቆረጡ፣ አጋዘኖቹ ለወታደር ቀለብ ታረዱ፣ ያን ሁሉ እንባ ያስፈሰሱት ድንጋዮችም ተሰባብረው በወንጭፍ መሣሪያ ወደ ጠላት ተወረወሩ። አልበቃም። በ1127 ከተማዋ ወደቀች፤ ሁዪዞንግ ተማርኮ ወደ ሰሜን ተወሰደ፤ በ1135 እዚያው በግዞት ሞተ። የተረፉት ድንጋዮች ከፊሎቹ ወደ ዛሬዋ ቤጂንግ ተወስደው በቤይኻይ መናፈሻ ደሴት ላይ እንደሚገኙ ይነገራል።

ስለዚህ እነዚያ የ1966 ወጣቶች ስለ ድንጋዩ የሚሉት ነገር ከባዶ የመጣ አልነበረም። ድንጋዩ በእርግጥም የሀብታም ጌጥ የሆነበት ዘመን ነበር፤ ለዚያውም በደሃ ጫንቃ ላይ የመጣ። ይህን መካድ አልፈልግም። የኔ ስሕተት ሌላ ነው፤ እዚያ ላይ ማቆሜ ነው። ያ ልጅ በር ላይ ቆሞ ሲሰበር ያየው የሁዪዞንግን ድንጋይ አይደለም። የአያቱን ነው።

አሁን ወደ ብረቱ።

ቻይናውያን በአትክልት ስፍራ ድንጋይ ከምረው የሚሠሩትን ተራራ “ጂያሻን” ይሉታል፤ ሐሰተኛ ተራራ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ጥንትም ስሙ ይኸው ነው። ማንም አልተታለለም። የዘመኑ ቀራፂ ዣን ዋንግ ሥራዎቹን ሲሰይም ይህንኑ ቃል ነው የያዘው።

ዣን ዋንግ በ1962 ቤጂንግ ተወለደ። በማዕከላዊው የሥነ ጥበብ አካዳሚ ቅርፃ ቅርፅ ተምሮ በ1988 ተመረቀ። ሥራው በጀመረበት ዘመን ቤጂንግ እየፈረሰች እየተሠራች ነበር። በ1994 በከተማው መሃል ግማሹ የፈረሰ አሮጌ ቤት አገኘ። ገብቶ አጠበው፣ የቆሙትን ግድግዳዎች ቀለም ቀባ፣ የወለቀውን ጠጋገነ። ብዙም ሳይቆይ ማሽኑ መጥቶ ቦታውን ጠራርጎ ወሰደው። ይህን ሥራ ለአዲስ አበባ ሰው ማብራራት ያስፈልጋል ብዬ አላስብም።

በዚያው ጊዜ የከተማዋ አስተዳደር “የጥንቱን መልክ እንመልስ” ብሎ በአዳዲሶቹ የኮንክሪት ሕንፃዎች አናት ላይ የጥንት ቤተ መንግሥት ጣሪያ እንዲሠራ ይገፋ ነበር። በ1996 የተከፈተው የቤጂንግ ምዕራብ ባቡር ጣቢያ አናቱ ላይ ያ ዓይነት ትልቅ ጣሪያ ተደፍቶበታል። በመስታወት ሕንፃዎች ደጅ ላይም የታይ ሐይቅ ዓይነት ድንጋዮች ይቆሙ ነበር። ዣን ዋንግ ይህን ሲያይ ድንጋዩ ከሕንፃው ጋር እንደማይነጋገር ተሰማው። እንግዲህ ሕንፃው ብረትና መስታወት ከሆነ ድንጋዩም ብረትና መስታወት ይሁን አለ። በ1995 የመጀመሪያውን ሠራ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። እውነተኛ ድንጋይ ይወሰዳል። ስስ የማይዝግ ብረት ሉሆች በድንጋዩ ላይ ይለጠፉና በመዶሻ ይቀጠቀጣሉ፤ እያንዳንዷን ጉድጓድ፣ እያንዳንዷን ሽብሽብ እስኪወስዱ። ከዚያ ቁርጥራጮቹ ከድንጋዩ ላይ ይነሱና እርስ በእርስ ይበየዳሉ። ብየዳው እስኪጠፋ ይሞረዳል፣ እንደ መስታወት እስኪያበራ ይወለወላል። የሚቀረው የድንጋዩ ቆዳ ነው። ውስጡ ባዶ ነው።

አንጥረኛ ሠፈር ያደገ ሰው ይህን ሲሰማ ሥራው ምን ያህል እጅ እንደሚፈጅ ይገባዋል። “ድንጋይ ለመምሰል የሚሞክር ብረት” ብዬ ስጽፍ በማሽን ተጠፍጥፎ የወጣ ነገር መስሎኝ ነበር። ለካ እያንዳንዱ እውነተኛ ድንጋይን ነክቶ የመጣ ነው። ያቺን ያዙልኝ ያልኳችሁን ነገር አስታወሳችሁ? የድሮዎቹ ድንጋዩን ጠርበው ወደ ውኃ ይመልሱት ነበር፤ የሰው እጅ እንዳይታወቅ። ዣን ዋንግ ደግሞ የሰው ሥራ መሆኑን ከሩቅ እንዲታወቅ አድርጎ ወለወለው። ከሁለቱ ማን ነው ሐሰተኛው ብትሉኝ እኔ ለብረቱ እፈርዳለሁ፤ ንፁሕ ነው እላለሁ።

በ2000 ደግሞ አንዱን ሥራውን ወደ ባሕር ወስዶ ከአሥራ ሁለት የባሕር ማይል ወዲያ፣ የማንም አገር ባልሆነ ውኃ ላይ ለቀቀው። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ይንሳፈፋል። ያገኘ ሰው ወደ ባሕሩ እንዲመልሰው የሚለምን ጽሑፍ በተለያዩ ቋንቋዎች ተቀርጾበታል። ከሐይቅ ውስጥ ተቆርጦ የወጣው ድንጋይ፣ ቆዳው ብቻ፣ ወደ ውኃ ተመለሰ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ሰውየውን ወደድኩት።

“እሺ ቲቸር፣ ሆቴል ውስጥ ምን ይሠራል ታዲያ?” ትሉኛላችሁ። እዚህ ላይ የራሴን ጉዞ ልንገራችሁ፤ ትንሽ ያሳፍራል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የወንድሜ ልጅ ዕቃ ሊያመጣ ጓንዡ ሲሄድ “ጋሼ፣ አብረን እንሂድ፣ አየር ይቀይሩ” ብሎ ወሰደኝ። ስምንት ቀን። ሰባቱን ቀን ገበያ ለገበያ ነው የዞርነው። በስምንተኛው ቀን ሻሚየን የምትባለውን ትንሽ ደሴት ለማየት ሄድን። ፐርል ወንዝ ዳር ናት፤ ትላልቅ ዛፎች፣ የአውሮፓ ዓይነት አሮጌ ቤቶች። ከሁለተኛው የኦፒየም ጦርነት በኋላ እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ተካፍለው የኖሩባት ቦታ ናት። ድልድዮቿ ላይ በርና ዘበኛ ነበረ፤ ቻይናዊው በገዛ አገሩ እንደልቡ አይገባም ነበር። የታሪክ ሰው ነኝና ለወንድሜ ልጅ ይህን እያስረዳሁ ሳለሁ መጸዳጃ ቤት አስቸኮለኝ። ዕድሜ ነው፣ አትሳቁ። በቅርብ ያለው ትልቅ ነጭ ሆቴል ነበር። “ይከለክሉናል” አልኩት፤ እኔ የለመድኩት የሆቴል በር ላይ መፈተሽና “ማንን ፈልገው ነው?” መባል ነው። ገባን። ማንም ምንም አላለንም።

ውስጥ ስንገባ አዳራሹ መሃል ተራራ ቆሟል። እውነቴን ነው። የተከመረ የድንጋይ ተራራ፣ ከአናቱ ወርቃማ ጣሪያ ያላት ትንሽ ሰቀላ፣ ከእሷ ሥር ፏፏቴ፣ ከታች ኩሬ፣ ኩሬው ውስጥ ቀይና ነጭ ዓሣዎች። አለቱ ላይ ሦስት የቻይና ፊደላት ተቀርጸዋል። እኔ ፎቶ አነሳሁ፣ መጸዳጃ ቤት ሄድኩ፣ ወጣሁ። በቃ። ለሰባት ቀን የፕላስቲክ ጫማ ገበያ ሳይ የከረምኩ የታሪክ መምህር፣ ታሪኩ ፊቴ ቆሞ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጥዬው ወጣሁ።

ፊደላቱ “የትውልድ አገር ውኃ” ይላሉ። ሆቴሉ ዋይት ስዋን ይባላል። በ1983 የተከፈተ ሲሆን ገንዘቡን ካመጡት ዋናው የሆንግ ኮንጉ ባለሀብት ሄንሪ ፎክ ናቸው። ፏፏቴው የተሠራው ከባሕር ማዶ ለሚመለሱ ቻይናውያን ነው። በረሃብና በጦርነት ጊዜ ከዚህ ወንዝ ዳር ተነስተው ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ወደ አሜሪካ የተበተኑ ሰዎች፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሰው በሩን ከፍተው ሲገቡ መጀመሪያ የሚሰሙት የአገራቸውን የውኃ ድምፅ ነው። ዋሽንግተንና ቴላቪቭ ያላችሁ ተማሪዎቼ ይህቺን ከኔ በላይ ትረዷታላችሁ።

ሌላም አለ። በዚያን ጊዜ በቻይና የውጭ ሰው የሚያርፍባቸው ሆቴሎች ተራውን ቻይናዊ አያስገቡም ነበር። ፎክ ግን በሩ ለሁሉም ይከፈት አሉ። ሰዉ ጎረፈ። ግፊያው ከመብዛቱ የተነሳ በየቀኑ አዳራሹ ውስጥ የወደቁ ጫማዎች ይለቀሙ እንደነበር፣ የመጸዳጃ ቤት ወረቀት በቀን አራት መቶ ጥቅል ያልቅ እንደነበር ይተረካል። አስተዳደሩ በሩን እንዝጋ ብሎ ቢወተውትም ፎክ እምቢ አሉ። እስቲ አስቡት፤ አያቱ በድልድዩ በር ላይ ዘበኛ የመለሰው ሰው፣ ልጁን በእጁ ይዞ በዚያችው ደሴት ሆቴል ገብቶ የሐሰት ተራራውን ያያል። ጥንት ይህን ዓይነት ተራራ ለማየት የሹም ግቢ መጋበዝ ነበረበት። እኔም ያለ ጥያቄ ገብቼ መጸዳጃ ቤት የተጠቀምኩት በዚህ ሰው ውሳኔ ነው ለማለት ይቻላል። ሆቴሉ ከ2012 እስከ 2015 ለእድሳት ተዘግቶ ነበር፤ ሲከፈት ተራራውም ፏፏቴውም በቦታቸው ነበሩ።

ሁሉም ሆቴል እንዲህ አልነበረም። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1982፣ ከቤጂንግ ወጣ ብሎ የሺያንግሻን ሆቴል ተከፍቷል። ንድፉ የአይ ኤም ፔይ ነው፤ ኋላ በፓሪስ ሉቭር ላይ የመስታወት ፒራሚድ የሠሩት ሰው። የተወለዱት እዚሁ ጓንዡ በ1917 ሲሆን ዘመዶቻቸው ሱዡ ውስጥ “የአንበሳ ደን” የሚባለው፣ በሐሰተኛ ተራራዎቹ የታወቀው የአትክልት ስፍራ ባለቤቶች ነበሩ፤ በልጅነታቸው ክረምቱን እዚያ ዋሻ ለዋሻ ሲሽሎከሎኩ ነው ያሳለፉት። በ1935 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዱ። ተመልሰው በትውልድ አገራቸው እንዲሠሩ ሲጠየቁ ለሆቴሉ አትክልት ስፍራ የሚሆኑ ድንጋዮችን ከሩቅ፣ ከዩናን “የድንጋይ ደን” አስመጡ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ፣ አገሩ ሁሉ ፎቅ ሲመኝ፣ ድንጋይና ነጭ ግድግዳ ይዞ መምጣት ብዙ ሰው አልገባውም፤ ሆቴሉም እንደሚገባው አልተያዘም፣ ፔይም አዝነውበት ነበር። በእርጅናቸው፣ በ2006፣ የሱዡን ሙዚየም ሲሠሩ ድንጋዩን ሰንጥቀው በነጭ ግድግዳ ፊት ደረደሩት፤ ከሩቅ ሲታይ የሚ ፉ ዓይነት የተራራ ሥዕል ይመስላል። ያ ለድንጋይ የሰገደው ሰውዬ ከዘጠኝ መቶ ዓመት በኋላም ሥራ አልፈታም።

ሲንጋፖር ላይ ደግሞ በ2010 የተከፈተው ማሪና ቤይ ሳንድስ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የዜንግ ቾንግቢን 83 የሸክላ ማሰሮዎች አሉ፤ እያንዳንዱ ሦስት ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ ዛፍ ተተክሎበታል። የተሠሩት በሻይ ጀበናዎቿ በምትታወቀው ዪሺንግ ከተማ ነው። ካርታ አውጡና እዩ፤ ዪሺንግ ያለችው በዚያው በታይ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ ነው። ስለ ማሰሮዎቹ ብዙ አልልም፤ በፎቶ ሳያቸው ግዝፈታቸው እንጂ ሌላ ነገር አልነገሩኝም።

ደግሞ ሁሉን አድናቂ ሆኜ እንዳልቀር። የዣን ዋንግ ሥራ ከታወቀ በኋላ ብዙ ወርክሾፖች የብረት ድንጋይ ለሆቴል፣ ለባንክ፣ ለሪል እስቴት በትዕዛዝ እየሠሩ ይሸጣሉ። ልጅቷ ባለችበት ሆቴል ያለው ሥር የሠሪው ስም የለም፤ ዞራ ፈልጋ አጣች። የመጀመሪያው ብረት የተሠራው “ከተማዋ ጥንቱን እንደ ጌጥ እየለጠፈች ነው” ለማለት ነበር። አሁን እሱ ራሱ ተለጣፊ ሆኗል። ይህ አያሳዝነኝም አልልም። ቢሆንም ያ ሽማግሌ ከደንበኞቹ ጋር ሲቀጣጠር ሁልጊዜ እዚያ ብረት አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ነው የሚመርጠው። ልጅቷ እስካሁን ለሶኬቱ ብሎ ይመስላት ነበር።

ይህን ሁሉ አሳጥሬ ጻፍኩላትና ይቅርታም ጠየቅኩ። ለሽማግሌውም እንድታስነብበው ነገርኳት። ቀጥዬም አንድ ነገር ለመንኳት፤ “በጣትሽ መታ አድርጊውና ድምፁን ቅጂልኝ። ባዶነቱን መስማት ፈልጌ ነው” አልኳት።

ትናንት ቀረጻው ደረሰኝ። መጀመሪያ የሰው ጫጫታ፣ የሻንጣ ጎማ። ከዚያ ሦስት ጊዜ ድም፣ ድም፣ ድም፤ ልክ የድግስ ጎላ ታጥቦ ተደፍቶ ሲመታ። ወዲያው አንድ ወንድ በቻይንኛ ሲቆጣ ይሰማል፤ ጥበቃው መሆኑ ነው። ልጅቷ ትስቃለች። ከዚያ የሽማግሌው ድምፅ ገባ፤ ጥበቃውን ረጋ ብሎ ረዘም ያለ ነገር ነገረው። ጥቂት ዝም አሉ። ከዚያ አንድ ጊዜ ደግሞ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ ድም።

“አሁን የመታው ማነው?” ብዬ ጻፍኩላት።

“ጥበቃው” አለችኝ።